ሦስቷ ዓፀደ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር፣ ውርጭ በመስኮቱ፤
ጣቴን እያሸሁኝ ገባሁ መዝገብ ቤቱ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት ጓዳ፣
ግማሹ ለአይጥ ነው፣ ግማሹ ለዕዳ።
አቃፊው በሲባጎ፣ ሲባጎው በትዕግስት
ታስሮ የከረመ የነጋዴ ርስት።

ድሮማ ገማቹ ሰኞ ጠዋት ወጥቶ፣
ከሱቁ ፊት ለፊት በርጩማ አስመጥቶ፣
የገባ የወጣን በጣቱ ሲቆጥር፣
ባለሱቁ ደግሞ ዝምድና ሲቆፍር፣
ግብሩ በዚህ መሀል ይወለድ ነበረ፤
ከፈሩት ዝቅ ያለ፣ ከእውነት ያጠረ።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣልን ከክልል፣
«መረጃው በሙሉ አንድ ወጥ ይሁን» የሚል።
ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ጄኔሬተር፣
ምንታምር የምትባል ልጅ፣ ሥራ ለማስጀመር።
እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትተይባለች፤
መስመር ሲጠፋብኝ «ጋሼ ይድገሙ» ትላለች።

አንድ ማለዳ ግን ድንገት ቆመችና፣
«ጋሽ ወንድይራድ» አለች፣ «እዩት ይሄንና!
ዓፀደ ማሙየ፣ ባና ነጋዴ ነች፤
አጸደ ማሙየ፣ የበግ ጠጉር ትሸጣለች፤
አፀደ ማሙየ፣ ሥራዋ ያልታወቀ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅጣቷ የዘለቀ።
እኅትማማች ናቸው?»
                    ደንግጬ ዝም አልኩኝ።
ሦስቱንም በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንዱን የቄስ ትምህርት ገና ሳይለቀኝ፣
በዓይኑ «ዐ»፣ በፀሐዩ «ፀ»፣ ሥርዓት ሲያስጨንቀኝ፤
አንዱን ዓርብ ከሰዓት፣ ለቤቴ ስጣደፍ፣
በአልፋው «አ»፣ በጸሎቱ «ጸ»፣ ብቻ ስሟ ይጻፍ፤
ሦስተኛውን እንጃ። ያን ቀን ብርድ ነበረ፤
ጣቴ ያገኘውን ፊደል ወረወረ።

ለጆሮ አንድ ናት፣ በአፍ ስትጠራ፤
ለዓይንም አንድ ናት፣ ከደጅ ስትሠራ።
በር ላይ ቆማ ላያት ማን ሦስት ይላታል?
ማሽን ግን ፊት አያውቅ፣ ፊደል ብቻ ያያል።

ተጠርታ መጣች፣ ጋቢዋ ላይ አመዳይ፣
የሁለት ያልኖሩ ሴቶች ዕዳ ልታይ።
«እኔስ» አለች፣ «ልጄ፣ አንዷን መኖር ከበደኝ፤
ሁለቱን የት አግኝታችሁ ጨመራችሁብኝ?
ደግሞ እነሱ ሲሸጡ ትርፉን ማን በላ?
ንገሩኝና እኔም ልካፈል በኋላ።»

«ጣትዎን እዚህ ላይ።» መስታወቱ በራ፤
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ አንድም የለ አሻራ።
አርባ ዓመት እንዝርት ያሾረች አውራ ጣት
መስመሯን ለመንዝ ጠጉር የገበረች ናት።
በወረቀት ሦስት፣ በመስታወት ባዶ፤
ልጅቷ አፈረች፤ እኔም ፊቴ ነድዶ።

መብራት ደግሞ ሄደ።
ጄኔሬተሩ አጓርቶ ማሽኑ እስኪነሣ
ስለ በግ ዋጋ አወራን፣ ሁሉም ዕዳ ረሳ።

በስተመጨረሻ የግራ ትንሽ ጣት፣
እንዝርት ያልደረሰባት፣ ሥራ ያልነካት፣
እሷ ተነበበች። ቁጥር ወጣላት፤
አሥር አሃዝ፣ ስንነግራት እየረዘመባት።

ስሙ ቀረ ገና። ሦስቱን ብደረድር፣
ማንበብ አትችልም፣ ጎንበስ ብላ ስትመረምር፣
«ዓ»ን ነካች በጣቷ፤ «ይቺ ክቧ ትሁን፤
ከነእግሯ እንዝርቴን መስላለች፣ እዩአት እስቲ አሁን።»
ሁለቱን ሰረዝኩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፤
ለሁለት ሴቶች ሞት ሦስት ሆነን ፈረምን።
ማታውን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፤
እንደ ቀብር መልስ ሰው ከበደኝ ምንጣፍ፣ ከበደኝ ሰሌዳ ደጃ።

እሷ ግን ያን ዕለት፣ ከመቀነቷ ሥር
ወረቀቷን ቋጥራ፣ ልትሄድ ልትናገር
ከደጃፉ ቆማ፣ «አንድ ሰው ለመሆን
ስንት ነው በዓመት? ንገሩኝ ቁርጡን።»